«ጎ» የሚለውን ግሥ ሳስጠና

ሰሞኑን የእህቴን ልጅ እንግሊዝኛ ሳስጠናት «ጎ» በሚለው ግሥ ላይ ብዙ ቆየን። የመማሪያ መጽሐፏ «ሄደ» ብሎ ያልፈዋል፤ እርሷ ግን ኃላፊ ጊዜው ለምን «ዌንት» እንደሚሆን ጠየቀችኝ፤ በእርግጥም ሁለቱ ቃላት የሚጋሩት አንድም ድምፅ የለም።

ነገሩ የታሪክ ጉዳይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የ«ጎ» ኃላፊ ሌላ ቃል ነበር፤ «ዌንት» ደግሞ፣ ከ«ሴንድ» «ሴንት» እንደሚገኝ ሁሉ፣ የ«ዌንድ» ኃላፊ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ «ዌንት» የቀድሞውን ቃል አስለቅቆ ቦታውን ያዘ። ልጅቷ ይህን ሰምታ በእንግሊዝኛ ስትስቅ የራሳችንን አሳየኋት፦ «መጣ» ብለን በትእዛዝ ጊዜ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» እንላለን፤ «አትምጣ» ስንል ግን ሥሩ ተመልሶ ይመጣል።

ሄዶ ያልተመለሰውን በ«ጎን»፣ ሄዶ የተመለሰውን በ«ቢን» መለየት አላስቸገራትም፤ «ጎንደር ሄዷል» እና «ጎንደር ሄዶ ያውቃል» ብዬ ገና ሳልጨርስ ገባት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግሡ እግርም መንገድም በሌለበት የሚሠራው ሥራ ነው። ምግብ ሲበላሽ፣ ሰው ሲያብድ፣ ዓይኑ ሲታወር፣ ራሱ ሲመለጥ እንግሊዝኛ «ጎ» ይላል፤ ሕልም እውን ሲሆን ግን «ከም» ነው። የቋንቋ ምሁሯ ኢቭ ክላርክ በ1974 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ተናጋሪው ጤናማውንና የተለመደውን ሁኔታ እርሱ እንደቆመበት ስፍራ ስለሚቆጥር፣ ከዚያ መራቅ «መሄድ»፣ ወደዚያ መመለስ «መምጣት» ይሆናል። ማብራሪያው ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም እኛም «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» የምንለው መብራት መኖሩን እንደ ደንብ ቆጥረን ነው፤ አንዳንድ ወር ይህ ግምት ቢያጠራጥርም።

ሁሉም ግን እንዲህ ሥርዓት የለውም። «ኦፍ» ከ«ጎ» ጋር ሲገጥም፣ የሚነገረው ስለ መብራት ከሆነ ጠፋ፣ ስለ ማንቂያ ደወል ከሆነ ደግሞ ጮኸ ማለት ነው። ይህን በሕግ ለማስረዳት አልሞከርሁም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ እንድታጠናው ነገርኋት።

ሊዘንብ ያለውን ዝናብ እንግሊዝኛ «እየሄደ ነው» በሚመስል አነጋገር ሲገልጸው አማርኛ መሄድ ሳያስፈልገው «ሊዘንብ ነው» ይላል። እኛ በተራችን ገና ከመቀመጫችን ሳንነሣ «በቃ ሄድሁ» እንላለን፤ ሲጠሩንም «መጣሁ» ብለን በኃላፊ ጊዜ እንመልሳለን፤ እንግሊዞች ግን በዚህ ስፍራ የአሁኑን ጊዜ ይጠቀማሉ። ከሁሉ ለማስረዳት የከበደኝ፣ ለአፍታ ከክፍሉ እየወጣን በሩ ላይ የምንለው «መጣሁ» ነው፤ እዚያ ላይ እንግሊዝኛ «ጎ»ንም «ከም»ንም ትቶ እመለሳለሁ ማለትን ይመርጣል።