ለጋሼ ዳግም መጽሐፍ ያልገዛሁላቸው ለዚህ ነው

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጽፈውም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

የተዋወቅነው ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው። ገና ጀማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰብ ይዤ "ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው" እያልኩ አስረዳለሁ። ጋሼ ከኋላ ቆመው ሲሰሙኝ ኖሯል። እንግዶቹ ፎቶ ሊነሱ ራቅ ሲሉ ጠጋ አሉና "በማን አቆጣጠር?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "በፈረንጅ ነው እንጂ በኛማ 1628 ነው። ለአገሩ ሰው በአገሩ ቁጠርለት" ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ፈልጌ አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም።

ጋሼ ሲያስጎበኙ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ፋሲል ቤተ መንግሥት ቢሆንም እሳቸው ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፉት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ነው። እዚያ ቆመው የመቅደላን ነገር ያነሳሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ማስወሰዳቸውን ይናገራሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር አምባውን መዝረፉን፣ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም መግባታቸውን ይጨምራሉ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ትንሽ ዝም ይላሉ። እንግዳውም አብሯቸው ዝም ይላል። እኔ ያንን ዝምታ ዛሬም ልሠራው አልቻልኩም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ጦርነቱ ተከተለ። እንግዳ ጠፋ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሥራውን ተዉ። እኔም ባጃጅ ልነዳ ተነጋግሬ ጨርሼ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። "ንዳ፤ ሰኞ ሰኞ ግን እኔ ቤት ትመጣለህ" አሉኝ። ሰኞ አንድ መጽሐፍ ይሰጡኛል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ቡና እየተፈላ ያነበብኩትን እተርክላቸዋለሁ። የተሳሳትኩትን ያርማሉ። እንግዳ ተመልሶ ሲመጣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ከዜሮ ጀመሩ። እኔ ግን ከበፊቱ የተሻልኩ ሆኜ ቆየሁት።

ስለዚህ አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። በአፍ ብቻ ሳይሆን።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። መጽሐፍ ገዛሁ። ለገና ወሰድኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ መረቁኝ። ከሳምንታት በኋላ መደርደሪያቸው ላይ ያው መጽሐፍ ሁለት ሆኖ አየሁት። አንደኛው የኔ ነው፤ ሌላኛው ጠርዙ ያለቀ፣ ከኔ በፊት የነበረ። እንዳላቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም። በጣም አዘንኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ ለኖረ ሰው መጽሐፍ መምረጥ ማለት የእሱን መንገድ ከኋላ ሆኖ መገመት ማለት ነው። እሱ አልፎት ሄዷል።

ሁለተኛው ሐሳብ ጋቢ ነበር። ለባለቤታቸው ብነግራቸው "ጋቢስ ሞልቶናል ልጄ፣ ለእንግዳ ሁሉ የምናለብሰው እሱን አይደል" አሉኝ። ገንዘብ በፖስታ መስጠትን ለአፍታ አሰብኩና ተውኩት። ከእሳቸው ጋር ያለኝ ነገር ከዚያ ይበልጣል።

ከዚያ ማሰቡን ትቼ ማየት ጀመርኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ሦስት ሰኞ ያህል መጽሐፉን ሳይሆን አነባበባቸውን ተመለከትኩ። ጋሼ የሚያነቡት ጠዋት፣ በር ላይ ተቀምጠው፣ በፀሐይ ብርሃን ነው። አምፖል ዓይናቸውን ያደክመዋል። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ ገጽ ሲገልጥባቸው በክርናቸው ይጫኑታል። ደጋግመው የሚያነሱት ደግሞ አንድ መጽሐፍ ነው። ስለ ጎንደር ነገሥታት የሚናገር አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ። የፊት ሽፋኑ የለም። የመጀመሪያው ጥራዝ ከስፌቱ ወጥቷል። በሲባጎ ታስሯል። ውስጡ በወረቀት ቁርጥራጭ ተሞልቷል፦ የአውቶቡስ ትኬት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ከግድግዳ ካሌንደር የተቀደደ ቅጠል። እያንዳንዱ አንድ ገጽ ያመለክታል።

ያኔ ወሰንኩ። መጽሐፉ ይጠረዛል። ማስቀመጫ አትሮንስም ይሠራለታል።

ጋሼ ለተዝካር ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ባለቤታቸው መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። መጀመሪያ የወሰድኩት ሰነድና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጠርዝ ቤት ነበር። ልጁ አገላበጠና "ሦስቱንም ጎን እከረክመዋለሁ፣ አዲስ ይመስላል፣ በሁለት ሰዓት ውሰድ" አለኝ። እሺ ልለው ነበር። እጄ ላይ እያለ አንድ ገጽ ተገለጠ። ኅዳጉ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። የጋሼ ጽሑፍ ነው፤ ደቃቅ፣ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ የሄደ። ማሽኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወስድ እንኳ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ፊደል ይሄዳል። አመስግኜ ይዤው ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ጠይቄ ጠይቄ ድጉስ፣ ማለትም መጽሐፍን በቆዳ መለበጥ፣ የሚያውቁ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሙያውን በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሳሉ የብራና መጽሐፍ ሲደጎስ አይተው ነው የተማሩት። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ይህን በኮላ ካጣበቅነው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ መልሶም አይዘረጋም። በክር ይሰፋል" አሉ። ክሩን ሰም አስነኩት። የተቀደዱትን እጥፋቶች በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ አያያዙ። ሽፋኑ የበግ ቆዳ ሆነ፤ ቡናማ፣ ዙሪያውን በጋለ ብረት ሁለት መስመር የተሰመረበት። እኔ የጋሼ ስም በወርቅ ቀለም ይጻፍበት ብዬ ነበር። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ላዩን ተወው፤ ያነበበው ሰው ውስጡ አለ" አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

መጽሐፉን ለአዛውንቱ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አድርጌ ነበር፦ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ካሉበት ገጽ ጋር በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። 43 ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስጠርዝ ሰው ይህን እንዳይረሳ። ቁርጥራጩ ለሌላ ሰው ቆሻሻ ነው፤ ለባለቤቱ ግን የዓመታት ሥራ ነው።

አትሮንሱን አንድ አናጢ ከዋንዛ ሠራው። የቤተ ክርስቲያኑ አትሮንስ ቁመቱ ለቆመ አንባቢ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ የወንበራቸውንና የበራፍ ጠረጴዛቸውን ከፍታ በገመድ ለክቼ ወሰድኩለት። በመጀመሪያው ቀን የሠራው ያምር ነበር፤ ግን ነፋሱን ረስቼዋለሁ። ገጹን የሚይዙ ሁለት ቀጫጭን የቆዳ ማሰሪያዎች ተጨመሩ። ለጥረዛው 1,800 ብር፣ ለአትሮንሱ 2,500 ብር ከፈልኩ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። አዛውንቱ በአራት ቀን ያልቃል ብለውኝ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እጅ ሥራ ነው፣ ሊቸኩሉ አይችሉም፤ እኔ ነኝ ቀኑን አጥብቤ የቆጠርኩት። ጋሼ ከደባርቅ ተመለሱ። መጽሐፋቸው የለም። ሁለት ቀን ቤቱን ሲያገላብጡ ሰነበቱ። አልጋ ሥር ሁሉ ፈለጉ። ባለቤታቸው አላስቻላቸው ብሎ "ልጁ ወስዶታል፣ ደህና ነው፣ ዝም ይበሉ" አሏቸው። ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። ላስደስታቸው ብዬ ሁለት ሌሊት አስጨነቅኳቸው። ድንገተኛ ስጦታ ደስ ይላል ይባላል። ሰው የሚወደውን ነገር ሳይነግሩት መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳግም ባደርገው አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ አትሮንሱ ብቻ በድንገት ቢመጣ ይበቃል።

ደብዳቤም ጻፍኩ። መጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ መጻፍ አልፈለግኩም፤ መጽሐፉ የእሳቸው ነው። በአንድ ነጠላ ወረቀት በእጄ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ቀደድኩት፣ ሙገሳ ብቻ እየሆነብኝ። በመጨረሻ የቀረው ሦስት ነገር ነው፦ የ1628 ነገር፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ያለው ዝምታ፣ እና የባጃጁ ዘመን ሰኞዎች። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወሰድኩላቸው። ቡና እየተቆላ ነበር። "ምን አስቸገረህ ልጄ" አሉ፣ እንደ ወጉ። ቆዳውን አላዩትም። መጀመሪያ ያዩት ጠርዙን ነው። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዙረው አውራ ጣታቸውን በኅዳጎቹ ላይ አሳለፉ። አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። እስከ ጫፍ የሄደውን የእርሳስ መስመር በከንፈራቸው አነበቡት።

"አልከረከመውም" አሉ።

"አልከረከመውም ጋሼ።"

ከዚያ አትሮንሱ ላይ አስቀመጡት። ተዘርግቶ ተኛ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አረፈ፤ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አዩ። የመድኃኒቱ ካርቶን ገጽ 212 ላይ መሆን ሲገባው ገጽ 221 ላይ አስገብቼው ኖሯል። ምንም ሳይሉ አንስተው ቦታው መለሱት።

ደብዳቤውን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡ። በአራት አጠፉት። ስለ መቅደላ የሚያወራውን ገጽ ፈልገው ከአውቶቡስ ትኬቱ ጎን አስገቡት። "ሰኞ ትመጣለህ?" አሉኝ።