ሰነዱ ያለ አስረጂ እንዲነበብ፦ በዓለም አቀፍ የልማት ፕሮጀክት የአስተዳደር ድጋፍ ሥራን እንዴት እንደሠራሁት

በውጭ ለጋሾች ገንዘብ በሚካሄድና በርካታ አጋር ድርጅቶችን ባቀፈ የልማት ፕሮጀክት ውስጥ የአስተዳደር ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ደብዳቤ መጻፍን፣ ስብሰባ ማመቻቸትን፣ ግዢ ማስፈጸምን፣ የጉዞ ጉዳይ መከታተልን፣ የውሎ አበል ማወራረድንና ፋይል ማደራጀትን አንድ ላይ የያዘ ነው። ለሚያየው ሰው ልዩ ልዩ ጉዳዮችን ማስፈጸም ብቻ ይመስላል፤ እየሠራሁት ስሄድ ግን ሁሉም በአንድ ጥያቄ ሥር እንደሚጠቃለል ተረዳሁ፦ ዛሬ የተከፈለውን ገንዘብ ከዓመታት በኋላ የሚመረምር፣ ማናችንንም የማያውቅ ኦዲተር ፋይሉን ቢከፍት፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሆነውን ሊረዳ ይችላል ወይ?

ሥራ እንደጀመርኩ በቅድሚያ የጠየቅሁት ለጋሹ ገንዘቡን የሰጠበትን የድጋፍ ስምምነት ከነአባሪዎቹ ነበር። በብዙ ፕሮጀክቶች ይህ ሰነድ በሥራ አስኪያጁና በፋይናንስ ኃላፊው እጅ ብቻ ይቀመጣል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ደንቡን በየዕለቱ ተግባር ላይ የሚያውለው ደረሰኝ የሚቀበለውና የግዢ መጠየቂያ የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ አንድ ወጪ ተቀባይነት የሚያገኘው በትግበራው ዘመን የወጣ፣ በበጀቱ የተመለከተ፣ ለሥራው አስፈላጊ የሆነና በሰነድ ሊረጋገጥ የሚችል ሲሆን ነው፤ ሰነዶቹም የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ በመደበኛው 5 ዓመት፣ ድጋፉ ከ60 ሺህ ዩሮ ካልበለጠ ደግሞ 3 ዓመት መቆየት አለባቸው። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ መደበኛው ጊዜ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። የበጀት ዓመቱም እንደየለጋሹ ይለያያል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ኦክቶበር 1፣ የዓለም ባንክ ጁላይ 1፣ የጃፓንና የብሪታንያ መንግሥታት ኤፕሪል 1 ይጀምራሉ። እኔም ለእያንዳንዱ ለጋሽ እነዚህን ነጥቦች በአንድ ገጽ አጠቃልዬ ከጠረጴዛዬ ፊት ለጠፍኳቸው፤ ባልደረቦቼም ቀስ በቀስ ከመጠየቅ ይልቅ መጥተው ማንበብን ለመዱ።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው በግዢ ላይ ነው። የአንድ ኮምፒውተር ግዢ ፋይል ሲሟላ የግዢ መጠየቂያ፣ የተፈቀደ የዕቃ መግለጫ፣ ከተለያዩ አቅራቢዎች የመጡ ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች)፣ የዋጋ ማወዳደሪያ፣ የግዢ ትዕዛዝ፣ የርክክብ ሰነድ፣ የሽያጭ ደረሰኝና የክፍያ ማዘዣ ይይዛል። አብዛኛው ሰው ወረቀቶቹ መሟላታቸውን ብቻ ያያል። እኔ ግን ፋይሉን ከመዝጋቴ በፊት ገንዘቡንም ሆነ ፊርማውን ለጊዜው ትቼ በየገጹ ያሉትን ቀኖች ብቻ በተከታታይ አነባለሁ። መጠየቂያው ከፕሮፎርማው፣ ፕሮፎርማው ከትዕዛዙ፣ ትዕዛዙ ከርክክቡ መቅደም አለበት። የርክክቡ ቀን ከትዕዛዙ ቀን ቀድሞ ከተገኘ፣ ግዢው ፍጹም ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ውድድሩ ለይስሙላ የተደረገ ያስመስለዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም ቀኑን መነካካት ፈጽሞ አይገባም፤ የሆነውን ከነምክንያቱ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ተጽፎ፣ ኃላፊው ፈርሞበት፣ የማስታወሻው ቀንም የተጻፈበት ትክክለኛ ቀን ሆኖ ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው አቅራቢ ሳይመረጥ ሲቀርም እንዲሁ ነው። «ጥራቱ የተሻለ ስለሆነ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም አያስረዳም፤ በመግለጫው ከተጠየቀው ውስጥ የትኛው እንደጎደለ በስሙ መጠቀስ አለበት።

ዐውደ ጥናት ሌላው ሰፊ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ሰነድ የሚሰበሰበው ሰዎቹ አዳራሹ ውስጥ እያሉ መሆኑን ነው፤ ከተበተኑ በኋላ አንድ ፊርማ ለማግኘት የሚወስደው ልፋት ዐውደ ጥናቱን ከማዘጋጀት አያንስም። የመገኘት ፊርማ ለእያንዳንዱ ቀን በተለየ ወረቀት ላይ እንዲሆን አደረግሁ። አንድ አንጋፋ ተሳታፊ በመጀመሪያው ጠዋት «ልጄ፣ ነገ እቸኩላለሁና የሁሉንም ቀን አሁኑኑ ልፈርምልሽ» ሲሉኝ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ አይቸገሩ፤ የነገውን ነገ መቀመጫዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው፤ በማግስቱም ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ክልከላውን በአገልግሎት ከሸፈኑት ማንም አይቀየምም። የውሎ አበልንም በተመለከተ አዘጋጁ ምግብ ወይም ማደሪያ ከሸፈነ ከአበሉ ላይ የሚቀነሰው መጠን በጥሪ ደብዳቤው ላይ አስቀድሞ መገለጽ አለበት፤ ሰው የሚቆጣው በክፍያው ቀን ሲሰማው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የውሎ አበል ተመን የሚወጣው በዓለም አቀፉ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በኩል ነው፤ አጋር ድርጅቶች የየራሳቸውን ተመን ይዘው ሲመጡ ግን የትኛው እንደሚሠራበት በቃለ ጉባኤ ካልተወሰነ ክርክሩ ማብቂያ አይኖረውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው በየትኛውም መሥሪያ ቤት ይሠራል።

በጉዞ ጉዳይ የምጠነቀቅባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ስለሚጠይቁ የማብቂያ ቀኑን ከቪዛው ጥያቄ በፊት አረጋግጣለሁ። የትኬቱን ስም ከኢሜይል ፊርማ ወይም ከቢዝነስ ካርድ አልወስድም፤ በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ለማሽን ንባብ ከተዘጋጁት መስመሮች ላይ እገለብጣለሁ። የፓስፖርት ቅጂ የሰው የግል መረጃ ስለሆነ ሁሉም በሚከፍተው የጋራ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ ለጋሾችም ይህን በስምምነታቸው ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል፤ ደንቡ ባይኖርም እንኳ የታመነብንን ሰው መረጃ መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ፋይል አሰያየምን እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩት አሉ። እኔ እያንዳንዱን የኮምፒውተር ፋይል በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል እጀምራለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ተራ ይደረድራቸዋል። ቀጥሎ የበጀት መስመሩ፣ ከዚያም የጉዳዩ አጭር ስም ይገባል። በፕሮጀክት ውስጥ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ውስጥ የቀረ ውሳኔ ሰውዬው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ በኢሜይል የተሰጠ ማናቸውንም ፈቃድ በዚያው ዕለት ወደ ፋይሉ አስገባለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ከአለቃ የሚመጣ ጥድፊያ ነበር። «አሁን ይከፈል፣ ወረቀቱ በኋላ ይሟላል» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ የሚለውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው እንዳይቆም የሚጨነቅ ቅን ሰው ነው። «አይቻልም» ብሎ መመለስ ሁለቱንም ወገን ያደክማል። የጎደለውን ወረቀት ራሴ አርቅቄ፣ መፈረሚያ ቦታውን አመልክቼ፣ «ይህ ከተፈረመ ክፍያው ዛሬ ይወጣል» ብዬ ማቅረብን ተለማመድሁ። ይህም አልበቃ ሲል ችግሩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ መሆኑን አስረድቼ የአስተዳደር ረዳቱ በዕቅድ ስብሰባ ላይ እንዲቀመጥ ጠየቅሁ። ከተፈቀደልኝ በኋላ ግዢዎች ገና ሲታሰቡ ስለምሰማ ጥድፊያው በእጅጉ ቀነሰ። የሥራ ባልደረቦቼን የምመክረው ካለ ይህን ወንበር እንዲጠይቁ ነው።

የመዝጊያ ሥራን ለመጨረሻው ወር ማቆየት አደገኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ብዙዎች አይተዋል፤ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በየአገሩ ያሉ ፕሮጀክቶች ሥራቸውን ወዲያውኑ እንዲያቆሙ ታዘዋል። ስለዚህ የንብረት መዝገቡን፣ ያልተወራረዱ የቅድሚያ ክፍያዎችን ዝርዝርና ገና ያልተዘጉ ውሎችን በየወሩ መጨረሻ አድሳለሁ። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ሰነዶቹ በሣጥን ተሞልተው ሰነዱን ለሚያቆየው ድርጅት በርክክብ ይተላለፋሉ፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይም የለጋሹ ስም፣ የስምምነቱ ቁጥርና ሰነዱ ሊወገድ የሚችልበት ቀን በጉልህ ይጻፋል። የማስወገጃው ቀን የሚሰላው ከፕሮጀክቱ ማብቂያ ሳይሆን ከመጨረሻው ክፍያ ወይም ሪፖርት ስለሆነ፣ ያ እስኪታወቅ ድረስ ቦታው ክፍት ይቆያል፤ እንዲሞላውም በርክክቡ ላይ በስም የተጠቀሰ አንድ ኃላፊ ይመደባል።