ለተሸናፊው መቁጠር

የእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ውጤት ሲነገር ሰው የሚያየው መድረክ ላይ የተደረደሩትን ዕጩዎችና ቁጥሩን የሚያነበውን ኃላፊ ነው። ከመድረኩ ዝቅ ብሎ፣ በስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ፣ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ወረቀት ስንደረድር የዋልነውን ዞር ብሎ የሚያየን የለም። እኔ ከእነዚያ ወረቀት ደርዳሪዎች አንዷ ነኝ። መደበኛ እንጀራዬ በአንድ ማዘጋጃ ቤት የመኖሪያ ቤት ግብር ክፍል ባለጉዳይ ማስተናገድ ነው፤ ምርጫ ሲደርስ ግን ቆጣሪ እንደሚፈለግ በየክፍሉ ይነገራል፣ እኔም እመዘገባለሁ። ክፍያው የሚያስቀና አይደለም። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ባለጉዳይ ሲቆጣኝ ለሚውል ሰው፣ ምንም ሳይናገሩ የሚቀመጡ ወረቀቶችን ማስተናገድ ዕረፍት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ከ36ቱ የእንግሊዝ ሜትሮፖሊታን ቦሮዎች፣ ማለትም የትልልቅ ከተማ አካባቢ አስተዳደሮች፣ አንዱ ነው፤ ስሙ ይቆየን። እነዚህ አስተዳደሮች እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋሙ በማንቸስተር፣ በሊቨርፑል፣ በሸፊልድ፣ በሊድስ፣ በኒውካስልና በበርሚንግሃም ዙሪያ ያሉትን የኢንዱስትሪ አካባቢዎች ተከፋፍለው ያዙ። በላያቸው የነበሩት የካውንቲ ምክር ቤቶች በ1986 ከፈረሱ ወዲህ ጎድጓዳው መንገድም፣ የቆሻሻው ገንዳም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የአረጋውያን እንክብካቤውም ጥያቄ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነው። ብዙዎቹ ምክር ቤታቸውን የሚመርጡት በሲሶ በሲሶ ነው። እያንዳንዱ ዋርድ፣ ማለትም የምርጫ ቀጠና፣ ሦስት ተወካይ አለው፤ ከአራት ዓመት በሦስቱ ዓመታት አንድ አንድ ወንበር ለምርጫ ይቀርባል፣ በአራተኛው ይታረፋል። በርሚንግሃምን የመሰሉት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን መርጠው ለአራት ዓመት ይገላገላሉ። በሲሶ የሚመርጥ አካባቢ ሰው ዘመቻ አያልቅበትም፤ ለእኔ ዓይነቱ ቆጣሪ ግን ሥራ አይጠፋም።

ቆጠራ የጀመርኩት ራሴ መምረጥ ሳልችል ነበር። የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጋ የአካባቢ ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ከአውሮፓ የመጡትም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አጠገቤ የምትቀመጠው ናይጄሪያዊት እዚህ አገር ብዙም ሳትቆይ መምረጥ ስትጀምር፣ እኔ ዜግነት እስካገኝ ድረስ የሌላውን ሰው ድምፅ እየቆጠርኩ ቆየሁ። ለመቁጠር የሚፈለገው የሥራ ፈቃድና ለማንኛውም ዕጩ አለመቀስቀስ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ እጄ የተፈታው አዲስ አበባ ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ብር ሲቆጠር ጣት እንጂ ዓይን አይሠራም፤ መቶው ሲሞላ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ከተገኘ የሚቆረጠው ከራስ ደመወዝ ስለሆነ፣ ፍጥነትንና ጥንቃቄን አንድ ላይ መማር ግዴታ ነበር። እንግሊዞችም ይህን ችሎታ ያውቁታል። የሰንደርላንድ ከተማ በጠቅላላ ምርጫ ቀድማ ውጤት በማሳወቅ ስሟን የተከለችው ከሌላው ዘዴ ጋር የባንክ ገንዘብ ቆጣሪዎችን አሰልፋ ነው፤ ድምፅ መስጫው ምሽት አራት ሰዓት ላይ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውጤት የተነገረበት ጊዜ አለ። እኔም ጎማውን ጣቴ ላይ አጥልቄ ስቀመጥ ያው የባንኩ ኩራት ይመጣብኛል። የኛ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጨርስ ነበር።

የጠረጴዛችን ኃላፊ በመደበኛ ሥራቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሴት ናቸው። መፍጠኔን አይቃወሙም ነበር፤ አመስግነውኝም አያውቁም።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ ማን አሸነፈ ተብሎ አይቆጠርም። የሳጥኑ ማኅተም ተሰብሮ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፍና ብዛቱ ብቻ ይቆጠራል፤ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ይህን ያህል አድያለሁ ብሎ ከጻፈው ሰነድ ጋር ይመሳከራል። ወረቀቱ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ ጀርባው ላይ መለያ ቁጥር ስላለበት መገልበጥ ክልክል ነው። ቀጥሎ የአንዱ ሳጥን ወረቀት ከሌላው ሳጥን ወይም በፖስታ ከመጣው ጋር ይደባለቃል፤ የትኛው ሠፈር ማንን እንደመረጠ እንዳይለይ። በየዕጩው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ሃምሳ ሃምሳው በላስቲክ ይታሰርና የዕጩው ስም ያለበት ብጣሽ ወረቀት ይደረግበታል።

የሚያጠራጥሩት ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ባዶውን፣ ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው የመረጠውን፣ ስሙን ጽፎ የፈረመበትን ይጥሉታል። በመስቀሉ ምልክት ፈንታ ከአንድ ዕጩ ትይዩ ባለው ሳጥን ውስጥ ፈገግ ያለ ፊት የሳለ ሰው ግን ሐሳቡ ግልጽ ስለሆነ ይቆጠርለታል። የምርጫው ኃላፊ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርገው ለዕጩዎቹ ወኪሎች እያሳዩ ሲወስኑ ማየት እወዳለሁ። አዋቂ ሰዎች ክራቫት አስረው በአንዲት የተሳለች ፈገግታ ላይ ሲመክሩ ቀልድ ይመስላል፤ እነርሱ ግን አይስቁም።

ከጠረጴዛው ማዶ የዕጩዎቹ ወኪሎች የፓርቲያቸውን ቀለም ጥብጣብ ደረታቸው ላይ ሰክተው ይቆማሉ። መንካት አይፈቀድላቸውም፤ ማየት መብታቸው ነው። ልምድ ያላቸው፣ ገና ብዛቱን እያመሳከርን ሳለ ዓይናቸው የያዘውን ድምፅ በጭረት እየመዘገቡ ውጤቱን አስቀድመው ይገምታሉ።

ነገሩ የተፈጠረው ዓርብ ዕለት ከምሳ በፊት ነው። በአንድ ዋርድ ለረጅም ዘመን ምክር ቤት የቆዩ ነባር ተወካይ በጣት በሚቆጠር ድምፅ ተሸነፉ። እንደ ደንቡ ውጤቱ ይፋ ከመሆኑ በፊት ለዕጩዎችና ለወኪሎቻቸው ለብቻ ተነገራቸው። የሰውየው ወኪል፣ ወጣት ልጅ ነው፣ የጭረት ወረቀቱን ይዞ መጣ። በእርሱ ግምት የሚቀድሙት እነርሱ ነበሩ። ድጋሚ ቆጠራ ጠየቀ፤ የምርጫው ኃላፊ ተቀበሉት። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እርሷ እንደ ባንክ ማሽን ነው የምትቆጥረው» አለ። «ወረቀቱ ይሮጣል እንጂ አይታይም። እዚህ ቆሜ ምን አየሁ ልበል?»

ደሜ ፈላ። ቆጠራዬ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እስሮቹን ሌላ ሰው ደግሞ ቆጥሯቸው አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ይህንኑ ለመናገር አፌን ስከፍት ኃላፊዋ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልክ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ፤ እርሱ ግን አያውቅም» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «ያሸነፈው ሰው እንዴትም ብንቆጥርለት ያምነናል። የምንቆጥረው ለተሸነፈው ነው። ዘርግተሽ ቁጠሪለት።»

ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ጎማውን ከጣቴ አወለቅሁ። እያንዳንዱን ወረቀት ለልጁ ቀጥ ብሎ እንዲታየው አዙሬ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ለእኔ ተዘቅዝቆ ማለት ነው። ስሞቹን ተገልብጠው ሳነብ ዓይኔ ይንገዳገዳል። አንድ አስቀምጣለሁ፣ ዓይኑ ምልክቱ ላይ ሲያርፍ እጠብቃለሁ፣ ሌላ አስቀምጣለሁ። ባንክ ቤት እንዲህ ብቆጥር ሰልፉ መንገድ ተሻግሮ በተሰለፈ ነበር። በዚህ መሐል የአሸናፊው ወገን ሰዎች የት ነበሩ? አንዱ ስልክ ላይ፣ ሌላው ፎቶ ላይ። ጠረጴዛችን አጠገብ የቆመ አንድም አልነበረም።

የዚያን ዋርድ ወረቀት ከኛ በፊት የለየው ሌላ ጠረጴዛ ነው። በድምፅ መስጫው ላይ ዕጩዎች የሚሰፍሩት በፊደል ተራ ስለሆነ፣ አሸናፊውና ተሸናፊው ላይና ታች ተከታትለው ነበር። ከነባሩ ተወካይ እስሮች አንዱን ፈትቼ ወደ መካከሉ ስደርስ ምልክቱ አንድ መስመር ዝቅ ያለ ወረቀት ብቅ አለ። የተቀናቃኛቸው ነው። ልጁም አየው። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ፣ ምንም አልተናገረም። እኔ ለይቼ ለማስቀመጥ እጄን ስሰድድ፣ ከልጁ ኋላ ቆመው የነበሩት ሰውዬ ራሳቸው ጎንበስ አሉና «ይቺ የእኔ አይደለችም» አሉ።

አንድ ወረቀት ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ልዩነቱን የሚቀይረው በሁለት ነው። ድጋሚ ቆጠራው ሲያልቅ ሰውየው በፊት ከተነገራቸው ይልቅ በሁለት ድምፅ በሰፋ ልዩነት ተሸነፉ። ሌላ ስሕተት አልተገኘም። ኃላፊው ሌላ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቋቸው፤ ሰውየው ወደ ልጁ ዞሩ። ልጁ የጭረት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «አይቻለሁ» አለ። እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እንዲጠይቀኝም አልጠበቅሁም።

ሻይ ስንጠጣ ኃላፊዋ የቤሪን ነገር አነሱ። ቤሪ ከማንቸስተር በስተ ሰሜን ያለች ቦሮ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በራምስቦተም ዋርድ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ አመጡ። ሕጉ እንዲህ ሲሆን ዕጣ ይጣል ይላል፤ ጭራሮ ተመዘዘና የሌበር ፓርቲዋ ዕጩ ረጅሙን አወጣች፣ ምክር ቤቱም በዚያው ለሌበር ገባ። የአንድ ከተማ አስተዳደር በጭራሮ! ዕድሜ ልኩን ቆጥሮ ለሚያድር ሰው የማይዋጥ ነገር ነው። ተሸናፊዎቹ ግን ጭራሮው ሲመዘዝ በዓይናቸው አይተዋል።

እኔ ደግሞ በልቤ የሄድኩት ወደ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ሰው ተጋፍቶ ሲያነብ፣ በእጁ ላይ ሲገለብጥ፣ ወደ ሚቀጥለው ጣቢያ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። በር ላይ ያየውን ቁጥር ማንም አልተጠራጠረም ነበር፤ ጠቡ የመጣው ካላየው ላይ ነው። ያን ጊዜ ይህን ያህል አላሰብኩበትም።

ሰኞ ወደ ግብር ክፍሉ ስመለስ ነገሩ ከእኔ ጋር መጣ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ባለጉዳይ በአብዛኛው ተሸናፊ ነው፤ አሸናፊ ቢሮ አይመጣም። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ቢሸጥ ምን ያወጣ ነበር ተብሎ ነው፤ ዘንድሮ የተሠራ ቤት እንኳ በዚሁ ይመደባል። ብቻውን የሚኖር ሰው 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ አብሮት ቢኖር እንደ ሰው አይቆጠርም። ይህን ሁሉ በቃል ሲሰማ የማይጠራጠር ካለ የዋህ ነው። እኛ ግን ኮምፒውተሩ ያወጣውን ድምር ነግረን፣ ቅር ካለህ በሁለት ወር ውስጥ ለግብር ይግባኝ ሰሚው አመልክት ብለን እንሸኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ አረጋዊ ቅናሹ ተነሥቶ ውዝፍ መጣብኝ ብለው እየጮሁ መጡ። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ እቤት ገብቷል ነው መዝገቡ የሚለው። ድምሩን አልነገርኳቸውም። ስሌቱን አተምኩት፣ ወረቀቱን ወደ እርሳቸው አዙሬ ዘረጋሁት፣ ከላይ ጀምሬ በእስክሪብቶ እያንዳንዱን መስመር አሳየኋቸው፤ ጣታቸው ካልተከተለ አልቀጠልኩም። ቀን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ልጁ ሁለተኛ ዲግሪ ይማር ስለነበር ተማሪነቱ ያበቃው በጁን ሳይሆን በሴፕቴምበር ነው። የዩኒቨርሲቲውን ማስረጃ እንዲያመጡ ነገርኳቸው፣ አመጡ፣ የእነዚያ ወራት ሒሳብ ተሰረዘላቸው። የቀረውን «ዝርፊያ ነው!» እያሉ ከፈሉ። ይግባኝ ግን አላሉም።

የቢሮ አለቃዬ ለአንድ ባለጉዳይ ያን ያህል ደቂቃ ማጥፋቴን አልወደዱትም። የወረፋው ርዝመት በየወሩ ሪፖርት ይደረግባቸዋል፤ ይግባኝ ሳይባል የቀረውን ግን ማንም አይጠይቃቸውም። እስካሁን በዚሁ እንከራከራለን።