ጃጓር ሳላይ ተመለስኩ

ጃጓር፣ ያንን ነብር መሳይ የደቡብ አሜሪካ አውሬ፣ አላየሁም። ይሄን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ከጉያና ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ «ጋና ነው ያልሽው?» የሚል አለ። ጋና አይደለም፣ ጉያና። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ከቬንዙዌላ፣ ከብራዚልና ከሱሪናም ጋር የምትዋሰን፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ፣ ከመሬቷ 85 በመቶ ገደማው ደን የሆነ አገር። የመንግሥት ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ስለሆነ እንደኔ ስፓኒሽ ለማታውቅ ሰው ግልግል ነው።

ነገሩን የጀመረችው አብራኝ የምትሠራ ጉያናዊት ናት። (ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ጉያናዊ በሽ ነው።) «ሩፑኑኒን ሳታዪ አገሬን አየሁ እንዳትዪ» አለችኝ፤ በደቡብ ምዕራብ ያለውን የሣር ሜዳ ማለቷ ነው። በቃ፣ ቲኬት ቆረጥኩ።

ከዋና ከተማዋ ከጆርጅታውን ወደ ሩፑኑኒ ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ። እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ሌሊት በሚኒባስ ሄድኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ሲነጋ ፀጉሬም ቦርሳዬም ጥርሴም ቀልቷል። ኩሩፑካሪ ላይ ኤሴኪቦ ወንዝን የሚያሻግረው ፖንቱን ሌሊት አይሠራም፣ ስለዚህ ተሳፋሪው ሁሉ በየጥጉ ተጋድሞ ንጋትን ይጠብቃል።

ከወንዙ ማዶ የኢዎክራማ ደን ነው፣ 371,000 ሄክታር ገደማ። በፈረንጆቹ 1989 የያኔው የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ዴዝሞንድ ሆይት ኩዋላ ላምፑር በተደረገው የኮመንዌልዝ ስብሰባ ላይ «ደን ሳይወድም እንዴት ይጠቅማል የሚለውን እዚህ አጥኑ» በሚል መንፈስ ያቀረቡት ነው፤ በ1996 ሕግ ወጣለት። ከዛፎቹ አናት አጠገብ፣ 30 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ አለው። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ተሻገርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ አውሬ ማየት ከባድ ነው። ሃውለር የሚባለው ጦጣ ሲያጓራ ባዶ በርሜል ውስጥ ንፋስ የገባ ይመስላል። ጦጣውን ግን አላየሁትም።

ከዚያ ደኑ ድንገት ያልቅና ሜዳ ይሆናል። ሣር፣ ሰማይ፣ ኩይሳ። ቆጥሮ የማይዘለቅ ኩይሳ! ኩይሳ ካለ ደግሞ ግዙፉ ጉንዳን በል አለ፣ እኔም በዋናነት የሄድኩት ለእሱ ነው።

አሠራራቸው ደስ ይላል። ገና ሳይነጋ አንድ ከብት ጠባቂ (እነሱ ቫኬሮ ነው የሚሉት) ሜዳውን ያስሳል። ሲያገኝ በሬዲዮ ይናገራል፣ እኛ በመኪና እንበራለን። አስጎብኚዬ ማኩሺ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ነው። ከመኪና ወርደን ጥቂት እንደሄድን ጎንበስ ብሎ ቁንጥር አፈር አነሳና ለቀቀው። አቧራው ወደኛ መጣ። «ጥሩ ነው፣ ዝም ብለሽ ተከተዪኝ።» እንስሳው ዓይኑ ደካማ ነው፣ አፍንጫው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ ቢሆን ኖሮ አለቀልን። ሃያ እርምጃ ያህል ቀረብነው። የፊት ጥፍሮቹን እንደ ቡጢ አጥፎ በጣቶቹ አንጓ ይራመዳል፣ ኩይሳ ሲያገኝ ይዘረጋቸውና አንዴ ይቦጭቃል፣ 60 ሳንቲሜትር የሚደርስ ምላሱን እያስገባ ያስወጣል፣ ወዲያው ጥሎት ወደሚቀጥለው። ጥርስ የለውም። አንዱን ኩይሳ ጨርሶ አያጠፋም፣ ምስጦቹም ወታደሮቻቸውን ይዘው ሳይደርሱበት ይሄዳል። የኛ አገር አዋልዲጌሳ ሥራው ያው ነው፣ ዝምድና ግን የላቸውም። አዋልዲጌሳን በሌሊት ወጪነቱ ማን ያየዋል!

አስጎብኚው ዱካ ማንበብ የተማረው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሲያድን ነው። ያንን ዕውቀት ዛሬ ለእኔ ዓይነቱ ከተሜ ያከራየዋል። ሱራማ የሚባለው መንደር ያደርኩበት ሎጅም የመንደሩ የራሱ ነው። ማታ የካሳቫ ቂጣ ቀረበልኝ። መራራው ካሳቫ ጥሬውን መርዝ ስለሆነ ተፍቆ፣ በተጎነጎነ ረጅም መጭመቂያ ተጨምቆ ነው የሚጋገረው። የተጨመቀው ውሃ ሲዘቅጥ ከሥሩ የሚቀረውን ነጭ ነገር ሳይ ቡላ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ወንዝ ላይ ግዙፉን ኦተር አየሁ። የአገሬው ሰው «የውሃ ውሻ» ይለዋል። ካራናምቡ በሚባል ስፍራ ዳያን ማክተርክ የሚባሉ ሴት፣ በፈረንጆቹ 2016 እስኪያርፉ ድረስ እናት አልባ ግልገሎችን እያሳደጉ ወደ ወንዙ ይመልሱ ነበር። ኦተሩ አንገቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ምልክት ከአንዱ አንዱ ስለሚለይ እያንዳንዱን በእሱ ያውቁታል። ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ ከራሱ ጀምሮ ሲያኝክ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጀልባችን ድረስ ይሰማል። ቆሎ የሚበላ ሰው አጠገቤ ያለ መሰለኝ።

ወደ ጃጓሩ ልመለስ። ጉዞውን የሸጠልኝ ደላላ «መቶ በመቶ ታዪያለሽ» ብሎኝ ነበር። እንዲህ የሚላችሁን አትመኑ። የግድ ጃጓር ካላችሁ ወደ ብራዚሉ ፓንታናል፣ ፖርቶ ጆፍሬ ሂዱ፤ በደረቁ ወቅት ወንዝ ዳር ይወጣል። ብቻ አንድ ጃጓር በጀልባ ተከቦ ማየቱን ቻሉት። እኔ አልፈልገውም።

ከሄዳችሁ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለውን ዝናብ አስወግዱ፣ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ረጅም እጅጌ ያዙ። ስትመለሱ እንደኔ በአውሮፕላን ተመለሱ።

ሰኞ ቢሮ ያችን ጉያናዊት ፎቶ አሳየኋት። ከሁሉ የተሻለው ፎቶዬ ላይ የሚታየው ሣር ውስጥ የሚገባ የጉንዳን በሉ ጭራ ብቻ ነው። እሷ ወዲያው አወቀችው። አጠገቧ የነበረው ልጅ ግን አንገቱን ቀልሶ ሲያይ ቆየና «መጥረጊያ ነው?» አለኝ።