«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ለጽሑፍ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ያገለገለ ላፕቶፕ ስናማርጥ ዋልን። ሻጩ ሁሉ ስለ ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ሲጠየቅ «አይ ሰቨን ነው» ይላል፤ የኢንቴል አይ7 ማለቱ ነው። ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)? ዝም። የ7ኛው ጀነሬሽን አይ7-7500ዩ ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነው፤ የ8ኛው አይ5-8250ዩ ግን 4 አለው። ዊንዶውስ 11ም ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ራም ለቪዲዮ 16 ጊጋ። 8 ብቻ ካለው ጀርባውን አስከፍታችሁ ስሎት (የራም መሰኪያ) መኖሩን እዩ፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ብቻ ከሆነ መጨመር የለም። ማከማቻው ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው) ይሁን፣ 512 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል።

ስክሪኑን ግን በችኮላ አትለፉት። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ (የቀለም ስፋት መለኪያ) ናቸው፤ የሚያሳዩት ቀለም ጠባብ ነው። የሙሽራዋ ጥለት ፈዞ ይታያችኋል፣ እናንተ ቀለም ትጨምራላችሁ፣ ደንበኛው በስልኩ ሲከፍተው ቀዩ ደም መስሎ ይጠብቀዋል። በሞዴል ቁጥሩ ፈልጉና ወደ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ቀለም መስፈርት) የሚጠጋውን ውሰዱ። «አይፒኤስ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አይፒኤስ የስክሪን ዓይነት እንጂ የቀለም ስፋት መለኪያ አይደለም።

መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ባትሪ። የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አስወጡ፤ ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) 50,000፣ ፉል ቻርጅ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) 28,000 ሚሊዋት አወር ካለ የቀረው 56 በመቶ ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሱ። ኤዲቲንግ 40 ዋት ከበላ 50 ዋት አወር አዲስ ባትሪም ከ1 ሰዓት ከሩብ አያልፍም።

ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) በፓስወርድ የተቆለፈ ከሆነ፣ ቢረክስም ተዉት።