የአደይ ዘመድ እዚሁ ኩሬ ዳር አለች

እዚህ ዲሲ አካባቢ እንቁጣጣሽ ሲደርስ የምናየው ቢጫ አበባ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ካልሆነም ከግሮሰሪ የተገዛ ዴዚ። ምን ይደረግ፣ አደይ በፖስታ አትመጣ። ግን የአደይ የቅርብ ዘመድ፣ ያውም በዚያው በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በየረግረጉና በየኩሬው ዳር እንደምታብብ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቡር ማሪጎልድ ይሏታል። በሳይንሱ ቢደንስ ሌቪስ ናት፤ የኛዋ አደይ ደግሞ ቢደንስ ማክሮፕቴራ። ቢደንስን እንደ አያት ስም ቁጠሩት። መሃሏ ጥቁር የሆነችውን የሜሪላንድ አበባ፣ ብላክ አይድ ሱዛንን አይቶ «ይቺ እኮ አደይ ናት» የሚል አይጠፋም። አይደለችም፣ እሷ በጣም የሩቅ ዘመድ ናት። የረግረጓ ግን መሃሏም ቢጫ ነው፣ ዙሪያውን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሰፋ ሰፋ ያሉ ቢጫ ቅጠሎች አሏት፣ ከሩቅ ስታዩዋት በቃ አደይ! ቀረብ ስትሉ የሚለየው የግንዷ ቅጠል ነው፤ የአደይ የተሰነጣጠቀ ነው፣ የሷ ረዘም ቀጠን ያለና ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ።

አገር በቀል ናት፣ ማንም አምጥቶ አልተከላትም። ዘሯ የበረዶውን ወራት ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፣ ያ ብርድ ካላገኘው እሺ ብሎ አይበቅልም፣ ከዚያ ሲሞቅ ውሃው ሸሸት ያለበት ባዶ ጭቃ ላይ ብቅ ትላለች። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ታብባለች። ውርጭ ሲመታት አለቀ፣ እንደ አደይ በየዓመቱ ከዘር ነው የምትጀምረው።

ለማየት ከአሌክሳንድሪያ ወረድ ብሎ ፖቶማክ ዳር ያለው ዳይክ ማርሽ ጥሩ ነው። የወንዙ ውሃ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ የሚልበት ረግረግ ነው፣ መንገዱም ለልጆች ቀላል ነው። ለአበባየሆሽ ብላችሁ እንዳትቀጥፉ ግን፣ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ መሬት ስለሆነ ክልክል ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ውሃ የሚያቁር ቦታ ካለ ዘሯን ገዝቶ ከበረዶው በፊት መበተን ይሻላል። ኦክቶበር ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ ነጠላችሁን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ዘሯ እሾሃማ ጥርስ አለው፣ እንደ ጨጎጎት ይለጠፍና ለቅሞ መጨረስ ነው።