«ለእናቷ እንነግራታለን»

ሐዋሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሕፃናት ማቆያ አስተባብራለሁ። ብዙዎቹ እናቶች ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠሩ ጠዋት ልጅ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። የባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ ልጁን ከነቦርሳው ያቀብላል፣ ይሄዳል። ሞግዚቶቻችንም ከሰላምታ ሌላ ቃል አይተነፍሱም።

ጥፋቱ የአባቶቹ መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ጠራሁ። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ስለ ክፍያ ሊያናግረኝ ነበር የመጣው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ሐሙስ ማታ አንድ ባለ ባጃጅ ልጁን ሊወስድ መጣ። ልጅቷ ምሳዋን ሳትበላ ነው የዋለችው። ሞግዚቷ ምሳ ዕቃውን ሰጠችውና «እናቷ ነገ ትደውልልን» አለችው። ክዳኑን ከፈት አደረገ። ፍርፍሩ እንዳለ ነው።

«ምነው፣ አሟታል እንዴ?»

«አይ፣ ለእናቷ እንነግራታለን።»

ከደነውና ሄደ።

ያን ዕለት ማታ የመመዝገቢያ ቅጻችንን አውጥቼ አየሁት። የእናት ስልክ የሚል ቦታ አለው። የአባት የለውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔው ነኝ!

ሞግዚቶቹን ሰብስቤ ስለ አባት ጥቅም ልሰብክ አሰብኩና ተውኩት። «ለምንድነው ከአባቶቹ ጋር የማታወሩት?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ዝም ዝም ሆነ። በኋላ በዕድሜ ትንሿ «ከሰው ባል ጋር በር ላይ ቆሜ ሳወራ ሚስቱ ብታየኝስ? ሰፈሩስ ምን ይላል?» አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ስልጠና ብሰጣቸው ኖሮ ማስታወሻ ይዘው፣ ሻይ ጠጥተው፣ በማግስቱ ያው «ለእናቷ እንነግራታለን» ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለእናቶቹ ነገርናቸው። አንዷ «እባካችሁ ለእሱም ንገሩት፣ እኔ ደከመኝ» ብላ ሳቀች። አንዷ ግን አባትየው እንዲነገረው አልፈለገችም። ቅጿ ላይ ጻፍን፣ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ከዚያ ከሞግዚቶቹ ጋር ተስማማን፦ ሰው ባለበት፣ ስለ ልጁ ብቻ፣ አንድ የዕለቱን ወሬ መንገርና አንድ ነገር መጠየቅ። «ጎበዝ ናት» ወሬ አይደለም። «ዛሬ ጫማዋን ራሷ አወለቀች» ወሬ ነው።

ያች ትንሿ ሞግዚት ባለ ባጃጁን «ቀን ቀን እንቅልፍ እምቢ ትላለች፣ ቤት እንዴት ነው የሚያስተኟት?» ብላ ጠየቀችው። «እኔማ በባጃጅ አንድ ዙር አዞራታለሁ፣ በቃ» አለ። በማግስቱ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ «ድድድድ» እያለች ወዘወዘቻት። ተኛች። ማታ ይህን ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን አጠፋ።

ሁሉም አልተሳካልኝም። «የአባቶች ቀን» ብዬ ያዘጋጀሁት ዝግጅት ላይ አንድ ሕፃን እስከ መጨረሻው በሩን ሲያይ ቆየ። አባት የለውም። አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። አሁን አጎትም፣ አያትም፣ ታላቅ ወንድምም ይጠራል፣ የዝግጅቱንም ስም ቀይረነዋል። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው እንዲመጡ መጠበቅም ከንቱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ልጅ ሲወለድ እንኳ አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ባለ ባጃጅ ደግሞ እሱም የለውም። ያለችን ያቺው የበር ላይ ደቂቃ ናት።

ቅጹ ላይ የአባት ስልክ ከገባ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት የልጅቷ ሰውነት ሲያተኩስ ግን እጄ ለምዶበት የደወልኩት ለእናቷ ነው። «ፈረቃ ላይ ነኝ፣ እሱ እዚያው አጠገባችሁ ነው የሚሠራው። ምነው ለእሱ አልደወላችሁም?» አለችኝ።